የተመልካች ግዴታ

ማስታወቂያ ከልካይ፣ ማለትም ድረ ገጽ ላይ የሚወጡ ማስታወቂያዎች እንዳይታዩ የሚያግድ ፕሮግራም፣ ስልኩ ላይ የጫነ ሰው ሌባ ነው የሚሉ ነጋዴዎች አሉ፤ ክሱ ከጸና፣ ቴሌቪዥኑ ማስታወቂያ ሲጀምር ቡና ለማፍላት የሚነሱ ሁሉ ግብረ አበሮች ናቸው። ተከሳሹ ውለታ ቢስም ነው፤ ኩኪ የተባለው፣ ጎብኚውን ለመለየት ስልኩ ውስጥ የሚቀመጠው ትንሽ ፋይል፣ ከገጽ ገጽ እየተከተለ ፍላጎቱን ያጠናለታልና። ጎንደር አጠገብ ባለችው ፀዳ ጥቅል ገዝቶ መዝሙር ለከፈተ ገበሬም፣ የዚህ ሁሉ ጥናት ፍሬ የሆነ የመዋኛ ገንዳ ማጽጃ፣ በማይሰማው ቋንቋ፣ በገዛ ሜጋባይቱ ይቀርብለታል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለ ፈቃድ ቢደነግግም፣ «ሁሉንም ተቀበል» የሚለው ቁልፍ ጎልቶ እምቢታው ከገጽ በስተጀርባ መቀመጡ፣ ፈቃጁን ከማሰብ ድካም ያሳርፈዋል።

አለማየት ስርቆት ከሆነ ሁሉንም መጫን ጽድቅ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ያገኘውን ማስታወቂያ ሁሉ በስውር የሚጫነው አድኖዚየም የተባለ ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. ከጉግል ክሮም መደብር ተባረረ። እንግዲህ ጨዋ ተመልካች ማለት ማስታወቂያውን ሳይዘል አይቶ፣ በልኩ ተጭኖ፣ ዕቃውን የሚገዛ ነው፤ ገንዳ ለሌለውም የገንዳ ማስታወቂያ በቅርቡ ይደርሰዋል።