ሰዓት ቆጣሪ አፕን በከንቱ የመውቀስ ዘዴ

ለገዳዲ ለአዲስ አበባ ውሃ መላክ ከጀመረች ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። አሁን ደግሞ ከእሷም፣ ከሰበታም፣ ከቡራዩም፣ ከሱሉልታም ወደ ውጭ አገር የሰው ሰዓት ይላካል። የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ ሸሽቶ የወጣ ፍሪላንሰር ላፕቶፑን ከፍቶ ለሩቅ አሠሪ በሰዓት ሒሳብ ይሠራል። የሚቆጥረው አፕ ነው፤ አለዚያም ብሮውዘሩ ላይ የተጫነች ኤክስቴንሽን። ቆጣሪ ባለበት ደግሞ ቅሬታ አይጠፋም። ቅሬታዎን ማንም ሳይረዳው እንዲቀር ከፈለጉ እነሆ ምክሬ።

በመጀመሪያ አንድ ኮከብ ይስጡና «አይሠራም» ብለው ይጻፉ። ከዚያ በላይ ቃል ማባከን ነው። በስልክ ይሁን በኮምፒውተር፣ ምን ሲነኩ ምን እንደመጣ መናገር የቤት ምስጢር ማውጣት ነው። ፑቲ የተባለውን ሶፍትዌር የሠራው እንግሊዛዊው ሳይመን ታተም እ.ኤ.አ. በ1999 ብልሽት እንዴት እንደሚነገር ረዘም ያለ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ያደረጉትንና ያዩትን በዝርዝር ይናገሩ፣ ግምትን ከማስረጃ አይቀላቅሉ ይላል። እርስዎ ግምቱን ብቻ ይላኩ። «ሆን ብላችሁ ነው ሰዓቴን የበላችሁት» ካሉ ይበቃል።

ሰዓት ላይ ሲደርሱ ጸጋው የበዛው የእኛ አገር ሰው ነው። ጠዋት 2፡30 ሥራ ጀመሩ እንበል፤ አፑ 8፡30 ብሎ መዘገበ። ሲከሱ በእኛ ሰዓት ይክሰሱ፣ ጠዋት ይሁን ማታ ግን አይግለጹ። «ከ2፡30 እስከ 6፡30 ሠርቻለሁ፣ አልተቆጠረልኝም» ይበሉ። ድጋፍ ሰጪው በራሱ አቆጣጠር መዝገቡን አገላብጦ፣ እርስዎ ለጥ ብለው ተኝተው የነበሩበትን ሌሊት ፈትሾ፣ «ምንም ሥራ አልታየም» ብሎ ይመልሳል። እውነቱን ነው። ቀኑንም «ጷጉሜ 3» ብለው ይጻፉ እንጂ የፈረንጁን አይጨምሩ። (በነገራችን ላይ፣ ብሮውዘሮች የኢትዮጵያን ካላንደር ከነጷጉሜው ያውቁታል፤ ፕሮግራመሩ እንዲያወጡት ማዘዝ ብቻ ይጠበቅበታል። ሰዓቱን ወደ እኛ መመለስም የስድስት ሰዓት ሒሳብ ነው። አንድ ሰው አስረድቶ ቢጠይቅ ሊሠራ የሚችል ነገር ስለሆነ፣ አስረድተው እንዳይጠይቁ አደራ።)

የሰዓት ዞን ምረጡ ሲባል ዊንዶውስ ለእኛ ዞን የሚያሳየው ናይሮቢን ነው። «እኔ ኬንያዊ ነኝ?» ብለው ይቆጡና ዓይንዎ ያረፈበትን ሌላ ከተማ ይምረጡ። ናይሮቢና አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ሰዓታቸው አንድ መሆኑ እርስዎን አይመለከትም። አሜሪካኖቹ በማርችና በኖቬምበር ሰዓታቸውን ሲያዛውሩ ከኒው ዮርክ ጋር ያለን ልዩነት ከ8 ሰዓት ወደ 7 ይወርዳል፣ ከዚያም ተመልሶ ይወጣል። በዚያ ሳምንት ስብሰባ ካመለጠዎ ኤክስቴንሽኗን ይራገሙ። ፍሪላንሰርና አሠሪ በሚገናኙበት አፕዎርክ ላይ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ የሒሳብ ሳምንቱ የሚዘጋው በዓለም አቀፉ ሰዓት እሑድ እኩለ ሌሊት ነው፤ ለእኛ ሰኞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ሰኞ ሊነጋ ሲል የሠሩት ወደሚቀጥለው ሳምንት ሲዞር «ዘረፋ!» ብለው ይጩኹ።

ትልቁ ጥበብ መብራት ሲሄድ ነው። ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ዋይፋዩ ግን ድርግም ይላል። አንዳንዱ አፕ ያለ ኢንተርኔት የተሠራውን ይዞ ቆይቶ ኔትወርክ ሲመጣ ይልካል፤ አንዳንዱ ደግሞ ይረሳዋል። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው መብራቱ የሄደበትንና የመጣበትን ሰዓት መዝግበው ሲልኩ ነው። ስለዚህ አይመዝግቡ። ይልቅ ኔትወርኩ ሳይመለስ አፑን ከሥሩ አጥፍተው እንደ አዲስ ይጫኑት፤ ያልተላከው ሰዓትም ማስረጃውም አንድ ላይ ይሄዳሉ። ሦስት ሌሎች ቆጣሪዎችም ጎን ለጎን ይክፈቱ፤ የትኛው እንዳጠፋ ለይቶ የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

ይህ ሁሉ አልሳካ ካለ ቅሬታውን ለአፕ ሠሪው መላክዎን ይተዉና ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጥፉት። አንዱ «አይዞህ ወንድሜ» ይልዎታል፣ ሌላው «እኔ ጋ ይሠራል» ይላል፣ ሦስተኛው የሚሸጥ ላፕቶፕ ፎቶ ይለጥፋል። ምናልባት ተሳስተው ለሠሪው ልከው «ስክሪንሾት ቢልኩልን» የሚል ትሑት መልስ ከመጣም አይደንግጡ። ዝም ይበሉ። ብዙ ድርጅቶች መልስ ያላገኙበትን ቅሬታ ከጥቂት ቀን በኋላ «ተፈትቷል» ብለው ይዘጉታል።