ማን ሙቶ ነው?

የንስሐ አባቴ ስለ ጾም ይጠይቁኛል፤ ስለ ሐሜትም ይጠይቁኛል፤ ስለ ሩጫ ግን አንድም ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም። ስለዚህ በእግሬ የሠራሁት ኃጢአት እስከ ዛሬ እንደታፈነ አለ። ከሁሉ የሚከብደው የውሸት መርዶ ማርዳቴ ነው። ነገሩ ግን የሚጀምረው ከጫማ ነው።

ጫማውን ያስገዛኝ ቦርጬ ነው። ሐኪም "ትንሽ ብትንቀሳቀስ" ብሎኝ ነበር፤ የኢትዮጵያዊ ጆሮ ይህን ሲሰማ "ማራቶን" ብሎ ይተረጉመዋል። ኃይሌ ገብረሥላሴ በአሰላ ገጠር ደብተሩን ይዞ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ተምሯል፤ እኔም በእግሬ ነው የተማርኩት፤ በቤታችንና በትምህርት ቤቱ መካከል የነበረው ግን የአንድ ጎረቤት አጥር ብቻ ነው። ማሞ ወልዴ በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ማራቶን ያሸነፈባት ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የምኖርባት ጎንደርም ከ2,100 በላይ ናት። ይቺን ቁጥር ፒያሳ ቡና ላይ ስንት ጊዜ እንደደጋገምኳት እኔና አስተናጋጇ እናውቃለን። ከማሞ ጋር የሚያመሳስለኝ አየሩ እንጂ ሳንባው አለመሆኑን ግን አላነሣሁም።

ከመሮጤ በፊት ቋንቋውን ለመድኩ። አትሌቶቻችን ልምምዱን ጫካ፣ ኮሮኮንች፣ አስፋልት እያሉ ይከፍሉታል። ጫካው ለስላሳና ዝግ ያለ ነው፤ ኮሮኮንቹ ጉልበት ያበጃል፤ አስፋልቱ ፍጥነት ይሰጣል፣ ግን እግር ስለሚጎዳ አይበዛም። "ኮንዲሽን" የሚሉትም አለ፤ የሰውነት ሁኔታ ማለት ነው። እኔ የወደድኩት እሱን ነው። ከአልጋ መነሣት ያቃተኝ ቀን ሰንፌ አይደለም፤ ኮንዲሽኔ ወርዶ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሮጥኩት ከተማ ውስጥ ነው። ሮጥኩ ስል፣ ሰው ባለበት። የፋሲልን ግንብ ታክኬ ቡና በሚጠጡት ሰዎች ፊት ሳልፍ ጉልበቴ ከፍ፣ ደረቴ ነፋ ይላል፤ የአጥሩን ማዕዘን እንደታጠፍኩ እራመዳለሁ። አንድ ቀን ወደ ቁስቋም ስወጣ ዳገቱ መሀል ላይ ባጃጅ አስቆምኩ። ሾፌሩ "ሩጫውስ?" ቢለኝ "ጨርሼ ነው" አልኩት። ፊቴ ገና ወደ ዳገቱ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ማንም ወደማያውቀኝ ገጠር ሸሸሁ። በደባርቅ መንገድ፣ የቤተ እስራኤሎች የነበረውንና በሸክላው የታወቀውን ወለቃን አልፎ፣ አስፋልቱን ትቶ የሚገባ የእግር መንገድ አለ። የገጠር መንገድ ለሯጭ ተብሎ አልተሠራም፤ ወንዝ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያ እያለ ነው የሚጠማዘዘው፤ መሐንዲሱም አህያ ነው። ክረምት ዋልካው ጫማ ላይ ይለጠፍና በየእግሩ አንድ አንድ ሕፃን የታዘለ ያህል ይከብዳል። አምና በበጋ የነበረው አቋራጭ ዘንድሮ ጤፍ ተዘርቶበት ይገኛል። የሰው ጤፍ ረግጦ "ስፖርት ነው" ማለት ነውር ነው፤ አላልኩም ግን አልልም። ለውሻ መድኃኒቱ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ የሚያነሣ መምሰል ነው ይባላል። እውነት ነው፤ እኔን የቸገረኝ ጎንበስ ካልኩ በኋላ ቀና ማለቱ ነው።

የሰሜን ተራሮችንም ሞክሬአቸዋለሁ፤ ባጭሩ ልለፈው። 3,250 ሜትር ላይ ካለው ሳንቃበር እስከ ግጭ፣ ማለትም እስከ 3,600 ሜትር፣ እሮጣለሁ ብዬ ለጓደኞቼ ፎከርኩ። በዚያ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያንሳል። አብሮኝ የተመደበው የፓርኩ ስካውት ጠመንጃውን በትከሻው አግድሞ፣ በኮንጎ ጫማ፣ እየተራመደ ቀደመኝና ቆሞ ይጠብቀኝ ጀመር። ጅንባር ወንዝን ሳንሻገር በቅሎ ጠየቅሁ። ሣር ይነጭ የነበረ ጭላዳ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሣሩ ተመለሰ።

አሁን ወደ መርዶው። ወሩ ታኅሣሥ፣ ቀኑ ቅዳሜ ነው። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር፤ ዛሬ በዚያ በኩል ሮጦ የሚያልፍ ጎልማሳ የሚያስነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። ገና ቀርቧል፤ ሀገሩ ሁሉ ዶሮውንና በጉን ይዞ ወደ ጎንደር ገበያ ይወርዳል፤ እኔ ብቻዬን ሽቅብ እወጣለሁ። በገጠራችን ጎልማሳ ሰው የሚሮጠው ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲነዳበት፣ አለዚያም ሰው ሲሞት ነው። ስለዚህ ያገኘኝ ሁሉ "ደኅና ነው?" እያለ ይቆማል። ሁለት ዶሮ ያንጠለጠሉ እናት መንገዱ መሀል ላይ ቆሙብኝ።

"የኔ ልጅ፣ ማን ሙቶ ነው?"

እውነቱን ለመናገር የሚበቃ ትንፋሽ አልነበረኝም፤ ይህ አንደኛው ሰበብ ነው። ሁለተኛው፣ አፍሬ ነው። ሁለት ዶሮ ለመሸጥ ከሌሊት ተነሥተው በተጓዙ፣ እንደ ሽመል በቀጠኑ እናት ፊት "በልቼ የተረፈኝን ላቃጥል ነው" እንዴት ይባላል?

"አጎቴ" አልኩ።

"ወየው ልጄን!" ዶሮዎቹን ለጎረቤታቸው አስረከቡ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ፤ "ሐዘን ይዘህማ ብቻህን አትሄድም" ብለው ፊታቸውን ወደ ዳገቱ መለሱ። ሌሎች ሁለት ሴቶችና አንድ ሽማግሌም ተከተሉን። ከዚህ በኋላ ቆሜ ማረፍ ቀረ፤ አጎት የሞተበት ሰው ወገቡን ይዞ አያለከልክም። እኔ ሮጥኩ፣ እናትየዋ ተራመዱ፤ እኩል ነበርን። የሟቹን ስም ሲጠይቁኝ ካረፈ 20 ዓመት ያለፈውን አጎቴን ጠራሁ፤ ቢያንስ መሞቱ እውነት ነው። ሽማግሌው ግን ምርኩዛቸውን ተክለው ቆሙ።

"ከዚያ ማዶ እንዲህ የሚባል ሰው የለም። ቀብሩስ ከየትኛው ደብር ነው?"

ሦስት ደብር በልቤ ቆጠርኩ፤ ሽማግሌው ሦስቱንም እንደሚያውቋቸው ከአቋቋማቸው ያስታውቃል። ለጤና ብዬ ነው የምሮጠው አልኩ።

"አሞህ ነው?" አሉ እናትየዋ፣ አሁንም እያዘኑልኝ።

"አይ እማማ፣ ቦርጭ…"

ሆዴን አዩት። ቆይተው አዩት። "ታዲያ ጾሙ ገብቶ የለም እንዴ?"

ሽማግሌው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እናትየዋ አልሳቁም፤ ነጠላቸውን እንደ ወትሮው አድርገው ለበሱና ዶሮዎቻቸው ላይ ለመድረስ ቁልቁል ወረዱ። ተከተልኳቸው። ከወለቃ ባጃጅ ልያዝልዎት ብላቸው "አንተ ሩጥ" አሉኝ። ተረከዛቸውን እያየሁ፣ እግራቸውን ካነሡበት ድንጋይ ላይ እግሬን እያሳረፍኩ ሮጥኩ፤ አትሌቶቹም ጫካ ውስጥ ሲሮጡ አንዱ የአንዱን እግር እየተከተለ ነው። ስልኬ ያን ቀን የመዘገበልኝ ኪሎ ሜትር እስከ ዛሬ በፍጥነት የሚያክለው የለም።

ገበያ ስንደርስ ጎረቤትየዋ አንዱን ዶሮ ሸጣዋለች። የቀረውን እኔ ገዛሁት። የተጠራውን ዋጋ ሳልከራከር ከፈልኩ፤ የአጎቴ ተዝካርም የተጨመረበት ይመስለኛል። ዶሮውን በክንፉ ይዤ፣ ላቤ እየተንጠባጠበ ፒያሳ ስደርስ ቡናቸውን ይጠጡ የነበሩት ጓደኞቼ ተነሥተው ቆሙ።

"ምንድን ነው እሱ፣ ሽልማት ነው?"

"አዎ" አልኩ። "ሁለተኛ ወጥቼ።"