ገድለ ትራንዚት

የቀደሙት አባቶች ሥጋቸውን ለማድከም በሹ ጊዜ ወደ ዋልድባ ወርደው፣ ቋርፍ እየቀመሱና ሌሊቱን በቁመት እያነጉ ይጋደሉ እንደ ነበር ሰምተናል፤ በሎስ አንጀለስ ከተማ በፌርፋክስ ጎዳና የሚገኘው የዘመናችን መናኝ ግን የሚጋደልበትን በረሃ በቅናሽ ገዝቶ፣ በፍራንክፈርት ወይም በኢስታንቡል አውሮፕላን ጣቢያ አሥራ ስምንት ሰዓት በወንበር ላይ ሲቀመጥ፣ ገድሉን የሚጽፍለት ደብተራ እስከ ዛሬ ስላልተገኘ፣ ባልበቃ ብዕሬ ጥቂት ልልለት ተነሣሁ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ከተማው «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው ይህ ሰፈር በምግብ ቤቶቹና በቡናው ሽታ የታወቀ ቢሆንም፣ የክረምቱ ዕረፍት በተቃረበ ቁጥር በማኪያቶ ዙሪያ የሚደረገውን ጉባኤ የመዘገበው የለም። አገር ቤት ማን ታመመ፣ ማንስ ተዳረ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ወግ እንደማያውቅ ይቆጠራል፤ የጉባኤው ጥያቄ «የአገር ቤት ትኬት በስንት ቆረጥክ?» ነውና። አንዱ በአንድ ሺህ ስምንት መቶ ዶላር ቢል ከንፈር ይመጠጥለታል፤ ሌላው በአንድ ሺህ አምስት መቶ፣ ግን ትራንዚት አለው ቢል ራስ ይነቀነቅለታል፤ ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሦስት ከተማ እያረፈ በሁለት ቀን እንደሚደርስ፣ ዋጋውም አንድ ሺህ ሁለት መቶ መሆኑን ሲገልጥ ግን ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ሊሳለሙት የቀራቸው ጥቂት ነው።

አድናቆቴ ወሰን የሚያጣው የዚህን ሰው የሰዓት ሒሳብ ስመረምር ነው። የወዳጁ ልጅ ክርስትና ሲነሣ «ኦቨርታይም አለብኝ» ብሎ የቀረ፣ ከሠርግ ላይ ኬኩ ሳይቆረስ ሺፍት ደረሰብኝ ብሎ የወጣ፣ ለቅሶ እንኳ ከሥራ መውጫው ጋር አስማምቶ የሚደርስ፣ የእያንዳንዷን ሰዓት ዋጋ እስከ ሳንቲሙ የሚያውቅ ይህ ሰው፣ በሁለት ሺፍት የሚያገኘውን ስድስት መቶ ዶላር ለማትረፍ ብሎ ከሦስት ሳምንት ዕረፍቱ በመሄጃና በመመለሻ አራት ቀን ቆርሶ ለባዕድ አገር ወንበር ሲመጸውት፣ ከምናኔ በቀር ምን ስም ይገኝለታል?

የአገር ቤቱ አውሮፕላንስ ራሱ ያርፍ የለምን የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ያርፋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሰኔ 2007 ዓ.ም. ወደ ሎስ አንጀለስ መብረር ሲጀምር ድሪምላይነር የተባለው አውሮፕላኑ በደብሊን እያረፈ ነበር የሚመጣው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ላይ ደግሞ አውሮፕላን ሰውንም ነዳጅንም ሙሉ አድርጎ መነሣት ያቅተዋልና፣ አትላንቲክን ከመሻገሩ በፊት ነዳጅ ሊጨምር ግድ ይሆንበታል፤ የዋሽንግተኑም በረራ ወደዚህ ሲመጣ እያረፈ፣ ሲመለስ ግን ከቆላ ስለሚነሣ ሳያርፍ ቦሌ ይገባ የነበረው ስለዚሁ ነው። ነገር ግን በግድ የሆነ ነገር ጽድቅ የለውም። ጃንሆይም በ1946 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሲመጡ አትላንቲክን በመርከብ ተሻግረው ኒው ዮርክ መግባታቸው ቅናሽ ፍለጋ ስላልነበረ፣ ከዚህ ገድል ጋር አይቆጠርላቸውም።

ወደ ተጋድሎው እንመለስ። መናኛችን ዋጋውን ይበልጥ ለመስበር ሁለቱን ጉዞ ከሁለት ኩባንያ ለየብቻ የቆረጠ እንደ ሆነ፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን ሲዘገይ ሁለተኛው «አላውቅህም» ይለዋል፤ ሻንጣውን ተቀብሎ እንደገና ለማስመዘን ደግሞ ወደ ትራንዚቱ አገር መግባት ያስፈልገዋልና፣ የያዘው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ በፍራንክፈርት ቪዛህ የታለ ይባላል፤ ግሪን ካርዱን አውጥቶ ቢያሳይ ይህ አሜሪካ አይደለም የሚል መልስ ያገኛል። ይህን ፈተና ያለፈ እንደ ሆነ ሌሊቱ ይጠብቀዋል። ሰው እንዳይተኛባቸው በየመካከላቸው ብረት በተተከለባቸው ሦስት ወንበሮች ላይ ወገቡን በብረቱ ሥር አሹልኮ፣ ጋቢውን እስከ ዐይኑ ተከናንቦ፣ የቦርሳውን ማንገቻ በቁርጭምጭሚቱ ላይ ቋጥሮ ይጋደማል፤ የቡናውን ዋጋ ሁለት ጊዜ ሄዶ አንብቦ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ቆሎው ይመለሳል። ቦሌ ከደረሰ በኋላም ዘመድ አዝማድ እንኳን ደህና መጣህ ሊለው ሳሎን ሞልቶ ሲጠብቅ፣ እርሱ ጓዳ ገብቶ ሁለት ቀን ያንኮራፋል።

ጽድቅን ብቻውን መብላት ነውር መስሎ ስለሚታየውም ለእናቱ ያካፍላቸዋል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከአማርኛ በቀር የማያውቁ እናት ልጃቸውን ለመጠየቅ ሲመጡ በሁለት ከተማ አሳርፎ ያስመጣቸዋል፤ እንዳይጠፉበትም፣ መርካቶን በእግራቸው ዞረው የሚመለሱትን ሴት መራመድ አይችሉም ብሎ ዊልቸር ያዝላቸዋል፤ በእንግሊዝኛ «እናቴ ናቸው፤ ቋንቋ አይችሉም፤ እባካችሁ ወደ ቀጣዩ አውሮፕላን አድርሱልኝ» የሚል ወረቀትም ይልክላቸውና በነጠላቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ ይያዛል። እናትየው በማያውቁት አገር ማለዳውንም ምሽቱንም መለየት አቅቷቸው፣ የቀረበላቸው ምግብ የጾም ይሁን የፍስክ የሚነግራቸው አጥተው፣ መጸዳጃ ቤት ብሄድ ጥለውኝ ይሄዳሉ ብለው ሳይነሡ ውለው፣ በስተመጨረሻ በሎስ አንጀለስ አውሮፕላን ጣቢያ በቶም ብራድሊ ተርሚናል በር ብቅ ይላሉ።

ልጅ አበባ ይዞ ቆሟል። ጉንጫቸውን ስሞ ሳይጨርስ በስንት እንደ ቆረጠላቸው፣ ቀጥታው ስንት እንደ ነበረ፣ ልዩነቱም በብር ሲመነዘር ስንት እንደሚሆን ይተርክላቸዋል። እርሳቸው ግን ወደ ኋላ ዞር ዞር እያሉ፣ «ልጄ፣ ያ በጋሪ ሲገፋኝ የመጣው ልጅ ሄደ እንዴ? ሳልመርቀው!»