ኮሶ ሻጭ አይጠጣም

መካነ ሰላም ውስጥ አንድ ወዳጅ አለኝ። እንጀራው መምህርነት ነው፤ ማዕረጉ ግን መጽሐፍ ጠቋሚነት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን በስልካችን ይደርሰናል፦ የመጽሐፍ ሽፋን ፎቶ፣ ከጎኑ የቡና ሲኒ፣ ከሥሩ «የግድ መነበብ ያለበት!» የሚል ትእዛዝ። ልብ ወለድ ለሥራ ፈቶች ነው ስለሚል አይነካም። ሰኞ ኢኮኖሚክስ፣ ረቡዕ ሥነ ልቦና፣ ዓርብ ታሪክ። በጾም ወራት ስለ አመጋገብ ይጨምርልናል።

ሐሜተኞች «ሰውየው እኮ አያነብም» ይሉታል። አያነብማ! ማንበብ ለጠቋሚ ጠንቅ ነው። ያነበበ ሰው «መግቢያው ደህና ነው፣ ከመሀል ግን ደራሲው ይደጋግማል፣ ትርጉሙም ያደናቅፋል» እያለ ይንተባተባል። አንዱን መጽሐፍ ለመጨረስ ወር ይፈጅበታል፤ በዚያ ወር ስንት ሕዝብ ሳይጠቆም ይቀራል? ያላነበበ ግን ልቡ ሙሉ ነው፣ አንደበቱም አይያዝም።

አንድ ጊዜ የዩቫል ኖኅ ሀራሪን «ሳፒያንስ» ሲጠቁም «የሐረሩ ልጅ ዓለምን ጉድ አሰኘ» ብሎ ጻፈ። ደራሲው እስራኤላዊ መሆኑን ለብቻው ጠርቼ ነገርኩት። ቅር አላለውም። «ዋናው ሐሳቡ ነው» አለኝ። ሐሳቡ ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም።

ደግሞም አያዳላም፤ ለሁሉም እንደ ችግሩ ያዝዝለታል። ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ላጣው የጎረቤት ልጅ የሮበርት ኪዮሳኪን የገንዘብ አያያዝ መጽሐፍ አዘዘለት። ልጁ መጽሐፉን የሚገዛበት ገንዘብ ቢኖረው ኖሮ አያያዙንም ባወቀበት ነበር። ከባሏ ለተጣላችው ስለ ትዳር፣ ልጅ ለሞተበት ስለ ቀና አስተሳሰብ። አንድ ቀን እትየ የምንላቸው እናት ቤት ቡና ተጠርተን፣ ገና አቦሉ ሳይቀዳ፣ ለሴት ልጃቸው ስለ ጊዜ አጠቃቀም የተጻፈ መጽሐፍ ይጠቁምላቸው ጀመር። እትየ ረከቦቱን እያስተካከሉ ሰሙትና «አንተስ አንብበኸዋል ወይ ልጄ?» አሉት። «ኧረ እትየ፣ ጊዜ የት አለኝና!» አላቸው። እትየ ምንም አላሉም። ሲኒውን ሞልተው ሰጡት።

ወዳጄ ዕቃውን በሚገባ ያወቀ ሻጭ ነው። መጽሐፍ እንደ ኮሶ ነው፤ የሚጣፍጠው ለሌላ ሲታዘዝ ነው። አያቶቻችን የኮሶ ሻጯን «አንቺስ ጠጥተሽዋል?» ብለው አላስቸገሩም። የተቸገረው ጠጪው ነው። በባዶ ሆድ ምሬቱን ጨልጦ፣ በሩን ዘግቶ ይውላል። እንግዳ ቢመጣ «ኮሶ ጠጥቷል» ይባልለታል፤ እንግዳውም ሳይከፋው ይመለሳል። መጽሐፍ ይዞ በሩን የዘጋ ሰው ግን ዛሬ እንዲህ ያለ ይቅርታ የለውም። «ምን ሆኖ ነው? ተጣልታችኋል?» ይባላል። ጠቋሚው በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው።

ኮሶ ካነሳሁ አይቀር፣ በዚህ በእኛው አካባቢ ማንበብ ምን እንደሚያመጣ የታየበት ጉዳይ አለ። ሄንሪ ስተርን የሚባል ሚስዮናዊ በ1862 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ስለ ቤተ እስራኤል አንድ የጉዞ መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያውም የአፄ ቴዎድሮስ እናት ኮሶ ሻጭ ናቸው የሚለውን የጠላት ወሬ አስገባበት። ለንደን ያለ አንባቢ ይህን አልፎ ገጹን ይገልጣል። ንጉሡ ግን እያስተረጐሙ አደመጡት። ስተርን በ1863 እ.ኤ.አ. ተይዞ ሲከሰስ የገዛ ጽሑፉ ማስረጃ ሆነበት፤ በመቅደላ ሰንሰለቱን ታጥቆ ከርሞ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተፈታው በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር አምባው ሥር ሲደርስ ነው። ለደራሲ እንዲህ ያለ አንባቢ አይጣልበት! የእኔ ወዳጅ ቢሆን ኖሮ ሽፋኑን በፎቶ አንስቶ «ስለ አገራችን የተጻፈ ድንቅ መጽሐፍ፣ የግድ ይነበብ» ብሎ ለሁሉም ያሰራጨው ነበር፤ ስተርንም በሰላም አገሩ ይገባ ነበር።

እኒያው ንጉሥ ከጎንደርና ከሌሎችም አድባራት መጻሕፍት ሰብስበው መቅደላ አምባ ላይ፣ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው አከማችተው ነበር፤ ወደ 1,000 ይጠጉ ነበር ይባላል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ተያዘ፣ ንጉሡም በገዛ እጃቸው አለፉ። ከዚያ በኋላ የሆነው ለጠቋሚ ወገን የሚያኮራ ነው። ፊደሉን የማይለይ ወታደር ብራናውን ታቅፎ ወረደ። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ የበሽሎን ወንዝ ተሻግሮ፣ ደላንታ ሜዳ ላይ ሚያዝያ 13 እና 14 በጨረታ ተሸጠ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪታንያ ሙዚየም ሰው፣ ሪቻርድ ሆልምስ፣ ዋነኛው ገዢ ነበር። ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች ለንደን ገቡ። ይህ ሁሉ ሲሆን ከጫኞቹ ውስጥ አንድ ገጽ ያነበበ ስለመኖሩ የሰማሁት ነገር የለም። ሳያነቡ መጽሐፍ ማዞር የስልክ ዘመን ፈጠራ ነው የሚል ካለ ደላንታ ሜዳን ያስታውስ። የያኔዎቹ ቢያንስ ሸክሙን በትከሻቸውና በበቅሎ ችለውታል፤ የዛሬው በአውራ ጣት ነው።

አፄ ዮሐንስ ደግሞ በ1872 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝ ጽፈው ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ አንድ ቅጂም ተመለሰላቸው። እዚህ ላይ ወዳጄ ንጉሡን ይታዘባቸዋል። «ከመሞታችሁ በፊት ልታነቧቸው የሚገቡ አሥር መጻሕፍት» ብለው መላክ ሲችሉ፣ አንድ መጽሐፍ ብቻ፣ ያውም ለራሳቸው ፈልገው!

በዝርዝር ደረጃ ፊታውራሪያችን ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በ1904 ዓ.ም. በአገራችን የሚገኙ የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ቁጥር አሳትመዋል። ወዳጄ ይህን ስነግረው ፊቱ በራ፤ ቀደምት አገኘ። ኅሩይ ግን ራሳቸው ብዙ መጻሕፍት የጻፉ፣ የዘረዘሩትንም ፈልገው የቆጠሩ ሰው ናቸው ስለው «ያኔ ጊዜ ነበራቸው» ብሎ ዘጋው።

የተክለ ጻድቅ መኩሪያን «ዐፄ ቴዎድሮስና የኢትዮጵያ አንድነት» የጠቆመን ቀን ግን ልቤ ተነሳ። መቅደላ ጥግ ተወልዶ ይህን አለማንበብ ነውር ነው ብሎ ስለጻፈ፣ ነውሬን ልሸፍን ቤቱ ሄጄ አዋሰኝ። መደርደሪያው ያስቀናል፤ አቧራ የሚባል የለበትም፣ ለፎቶ በየቀኑ ይወለወላል። መጽሐፉን ቤቴ ወስጄ ስገልጠው ማተሚያ ቤቱ አጥፎ የተዋቸው ገጾች ከላይ እንደተያያዙ ናቸው። ቢላ አምጥቼ እየሰነጠቅሁ ማንበብ ጀመርሁ። እኔም ቸኩዬ አልጨረስሁትም፤ ሥራ አለ፣ መብራት ይጠፋል፣ ሁለት ጊዜም ፎቶ ሳላነሳው አልቀረሁም።

ከተዋስሁት ስምንት ወሩ ነው። በዚህ መሀል ያንኑ መጽሐፍ አራት ጊዜ ጠቁሞናል፤ በድሮው ፎቶ። «መጽሐፌስ?» ብሎ አንድ ቀን አልጠየቀኝም።