ጭብጨባ ለጠባሹ

የመስከረም ድግስና የበጋ ባርቤኪው ለውድድር ቢቀርቡ አሸናፊው ያለ ክርክር ባርቤኪው ነው። አንድ ወንድ፣ አንድ የከሰል ማንደጃ፣ አንድ ሽርጥ፤ አለቀ። የመስከረም ድግስ ግን ገና በነሐሴ ዝናብ ሰውን ማስጨነቅ ይጀምራል። ብቅሉ አለ፣ ጌሾው አለ፣ በወይራ የሚታጠነው ጋን አለ፣ የሚጣለው ጥንስስ አለ። ደግነቱ እኛ ጉለሌዎች ጋኑን ማን አጠበው፣ ጌሾውን ማን ወቀጠው ብለን አንጠያየቅም። በዓል ሲደርስ ጠላ በራሱ ጊዜ ይጠመቃል።

የአባወራው ድርሻ ቀላል ነው ለማለት አልደፍርም። በዋዜማው አዲሱ ገበያ ወርዶ ከበግ ነጋዴ ጋር ይከራከራል፤ የበጉን ጀርባ ይዳስሳል፤ ላቱን መዘን አድርጎ ያያል፤ ጥርሱን ገልጦ እንደ ሐኪም ይመረምራል። ከዚያ በጉን እየጎተተ ዳገቱን ይወጣል፤ ዋጋውን ለጎረቤቱ ሁሉ እየተናገረ፣ ቤት እስኪደርስ ሁለት ሦስት መቶ ብር ይጨምርበታል። ቅርጫ ከገባም መደቡ እኩል መከፋፈሉን ቆሞ ይቆጣጠራል። በዓሉ ያለ እሱ አይደምቅም።

ዶሮውም የሚታረደው በእሱ ነው። ሴት ቢላ አታነሳምና ባል ሩቅ የሄደባት እመቤት ዶሮዋን ታቅፋ ከሰፈሩ መንገድ ላይ ወንድ ስትፈልግ ትታያለች፤ ትልቅ ሰው ከጠፋ የጎረቤት ጎረምሳም ይበቃል። በስመ አብ ብሎ ባረከ፣ ቢላውን ጠረገ፣ ሄደ። ደቂቃ አልፈጀም። ቀሪው ጥቃቅን ነገር ነው፦ በፈላ ውኃ መንከር፣ መንጨት፣ መለብለብ፣ አሥራ ሁለት ብልት አድርጎ መገነጣጠል፣ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ፤ ከዚያ ሽንኩርቱን ልጦ፣ ከትፎ፣ ያለ ዘይት ለሰዓታት እያማሰሉ ማቁላላት። ወጡ ሲቀርብ ፈረሰኛው ለአባወራው ይወጣል፤ ፈረስ ላይ ወጥቶ ባያውቅም። እሱም አፉን ጠርጎ “እጅሽን ቁርጥማት አይንካው” ይላል። ይህ ቅን ምርቃት ነው፤ ለመስቀልም፣ ለገናም፣ ለፋሲካም ያቺው እጅ ትፈለጋለችና ከወዲሁ ጤንነቷን መለመን አስተዋይነት ነው።

እንግዲህ ወደ አሸናፊው እንሂድ። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ዳገቱ ላይ የሚቆመው የቅዳሜና እሑድ መኪና ለጉለሌ አዲስ የዘመን መለወጫ አምጥቶልናል። ፓርክ መግባት የሰለቸውም በየግቢው ሣር ላይ ማንደጃውን ይተክላል። ያ ጓዳ ገብቶ ማንኪያ የት እንደሚቀመጥ የማያውቅ ሰው ድንገት ሽርጥ አጥልቆ፣ ረጅም መቆንጠጫ ጨብጦ፣ ከሰሉን ያርገበግባል። ሥጋው ከትናንት ማታ ጀምሮ ተቆርጦ፣ ቅመም ጠጥቶ፣ በክዳን ዕቃ ተቀምጦለታል። ሰላጣው ተከትፏል፤ ድንቹ ተቀቅሏል፤ አዋዜው ተበጥብጧል፤ ሳህኑና ጨው ማስቀመጫው በቅርጫት መጥቷል። በምን ተአምር እንደመጣ አይታወቅም። እሱ ሥጋውን ይገለብጣል። እንደገና ይገለብጣል። ፎቶ ይነሳል። “አቤት ሙያ!” ይባላል፤ ይጨበጨባል። በዚያች ግማሽ ሰዓት የሰበሰበውን ምስጋና ሚስቱ በትዳር ዘመኗ ሁሉ አላገኘችውም፤ ጥፋቱ የራሷ ነው፤ ማን ከጓዳ ውስጥ አብስይ አላት?

ለመሆኑ ያን የሜዳ ላይ ጥብስ ለጉለሌ ያስተማረው ማን ነው? ብዙዎች ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጡ ዘመዶችን ያመሰግናሉ። እዚያ በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሚያዘጋጀው የእግር ኳስ ውድድር ከነፃነት ቀናቸው ከጁላይ 4 ጋር ስለሚገጥም ኳስና የጥብስ ጭስ ተለያይተው አያውቁም። ጁላይ 4 በእኛ ሰኔ 27 ነው፤ የሐዋርያት ጾም ደግሞ እስከ ሐምሌ 5 ስለማይፈታ የአሜሪካው ጥብስ በየዓመቱ ጾም ላይ ይውላል። ምንም ችግር የለም፤ የሰኔ ጾም “የቄስ ጾም” ነው ይባላል፣ ቄሱም ሲጠበስ አያዩም። ኅዳር ላይ ያለው የምስጋና ቀናቸውም ብዙ ጊዜ ከነቢያት ጾም መግቢያ ጋር ይጋጫል። እዚያ ግን ጠባሹ የለም። ቱርኪው ምድጃ ውስጥ፣ ዶሮ ወጡ ከጎኑ፣ እህት ሁለቱንም ስትጠብቅ ወንድም ኳስ ያያል። ከውቅያኖስ ማዶም ሕጉ አልተለወጠም፤ ድግሱ ከጣሪያ በታች ከሆነ የሴት፣ ከጣሪያ ውጭ ከሆነ የወንድ ነው።

ይህን ካስተዋልኩ በኋላ ትልቅ የልማት ሐሳብ መጣልኝ። ወንድን ከምጣድ ያራቀው ጣሪያ ከሆነ የጉለሌን ጓዳ ሁሉ ጣሪያ እናንሳ! ወጪ የለውም፤ ቆርቆሮው ይሸጣል። ነገር ግን ሐሳቤ ገና በጥናቱ ደረጃ ወደቀ። በቀበሌ ቤቶቻችን ግማሹ ማድ ቤት ጣሪያው ድሮ ወልቋል፤ በብዙ ግቢ እንጀራ የሚጋገረው ሰማይ ሥር ነው፤ ክረምት ሲሆን በላስቲክ ይሸፈናል። እና አንድም አባወራ ሽርጥ አጥልቆ ብቅ አላለም።

የእጁ ጉዳይ ይሆን? የወንድ እጅ ለጥቃቅን ሥራ አልተፈጠረም የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ሽሮ ሜዳን አያውቋትም። እዚያ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ፀጉር የመሰለ ፈትል በመወርወሪያ እያሳለፉ፣ ጥለቱን በጣታቸው እየቆጠሩ ይውላሉ፤ ለመስቀል ወደ ጨንቻ እስኪሄዱ ጣታቸው አያርፍም። ያ ጣት ነጭ ሽንኩርት መላጥ ያቅተዋል? በየትልልቁ ሆቴል ወጥ የሚሠሩ ወንዶችስ የሉም? ደመወዝ ሲኖር ጣሪያ አያስፈራም። በበዓል የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ አርቲስቱ ሽንኩርት ሲከትፍ አይታችሁት የለም? እንባው እየወረደ ይስቃል፣ አዳራሹ ያጨበጭብለታል። ወንድ ምግብ እንዲያበስል የሚያስፈልገው ክፍያ ወይም ተመልካች ነው፤ ባርቤኪው ተመልካቹን ከነወንበሩ ያቀርባል።

ታሪክም ይመሰክራል። እንጦጦ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1887 ስትመረቅ እቴጌ ጣይቱ ያሰናዱት ግብዣ ለቀናት የዘለቀ ነበር፤ ታሪክ ጸሐፊዎች የወጡን ዓይነት ሳይቀር መዝግበውታል። ንጉሥ ምኒልክ ሥጋ ገለበጡ የሚል ግን የትም አልተጻፈም። የእንጀራ ቤቱ፣ የወጥ ቤቱ፣ የጠጅ ቤቱ ሴቶች ስምም እንዲሁ። ዛሬ በዚያው ተራራ ላይ ስድስት ቁራጭ ሥጋ የጠበሰ ሰው ምስሉ ከምሽት በፊት ባሕር ተሻግሮ ዘመድ ሁሉ ያየዋል። ሥልጣኔ ማለት ይኸው ነው።

በነገራችን ላይ ያ ጥብስ በሚጨስበት ዳገት ጥግ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ወገባቸው ለሁለት ታጥፎ ወደ ሽሮ ሜዳ ይወርዳሉ። የሰፈሩ ምጣድ የሚነደው በእነሱ ጀርባ ነው። የባሕር ዛፉን ሽታ ለማሽተት ነዳጅ አቃጥሎ የመጣው ጠባሽ፣ እነሱ ሲያልፉ መኪናው እንዳይጫር መስተዋቱን ያጥፋል። አሳቢ ሰው ነው።

ስለዚህ ሐሳቤን አሻሽዬ አቀርባለሁ። ጣሪያው ይቅር፤ ጭብጨባው ወደ ጓዳ ይግባ። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ በየግቢው አባወራው ሽንኩርቱን ይዞ ይቀመጥ፣ እኛም ወንበር ይዘን እንክበበው፤ ለእያንዳንዱ ራስ አንድ ጭብጨባ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ እልልታ። ዶሮ ያጠበ ፎቶው በየሱቁ ይለጠፍ። ጋን ያጠበማ ሐውልት አያንሰውም።

ይህን በሰፈራችን ለተመሰከረላቸው አንድ ጠባሽ አጫወትኳቸው። እንጦጦ ላይ ሥጋ ሲገለብጡ የሚያያቸው ሁሉ የሚያጨበጭብላቸው ሰው ናቸው።

“ጋሼ፣ ለመጪው እንቁጣጣሽ አምስት ኪሎ ሽንኩርት ብናደርስልዎትስ?”

“ዓይኔ አይችልም፣ ልጄ። ደግሞ የጓዳው ጭስ ልብስ ላይ ይቀራል።”

“የእንጦጦውስ ጭስ?”

“እሱማ ንጹሕ አየር ነው፤ ሐኪምም ያዘዋል” አሉና አንገታቸውን ወደ ጓዳው መለስ አድርገው፣ “ኧረ ያ ቡና ምን ዋጠው?” ሲሉ ጮኹ።