ቢጫው ቀድሞ ያልቃል

ጳጉሜን ሲገባ እኛ ቤት የምግብ ጠረጴዛ የሚባል ነገር አይኖርም። ልጆች ይወርሱታል፤ እኛ ሽሯችንን ጭናችን ላይ አስቀምጠን እንበላለን። የሰባት ዓመቱ ልጄና የአራት ዓመት እህቱ ለእንቁጣጣሽ ዘመድና ጎረቤት ቤት የሚያዞሩትን ሥዕል የሚያመርቱት እዚያ ላይ ነው። በልማዱ ሥዕል የወንዶች፣ አበባዬሆሽ የሴቶች ነው። ትንሿ ግን ልማዱን የነገራት ስለሌለ ሁለቱንም ይዛ፣ እየዘፈነች ትሥላለች፤ ከለሩም ከወረቀቱ ይልቅ ግንባሯ ላይ ይበዛል።

ታትሞ የሚሸጥ ሥዕል ከተማውን ሞልቶታል። መላእክቱ ሁሉ አንድ ፊት ናቸው፤ ልጁ ከታች ስሙን ጽፎ ማደል ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ይዞ ለሚመጣ ልጅም ብር እሰጣለሁ፣ በዓል ነውና፤ ፊቴ ግን አይፈታም።

የእንቁጣጣሽ ሥዕል ኢኮኖሚ የቆመው በቢጫ ከለር ላይ ነው። አደይ ቢጫ፣ ፀሐይ ቢጫ፣ የችቦው እሳት ቢጫ፣ የመልአኩ አክሊል ቢጫ። በአንድ ፓኬት ውስጥ ያለው ቢጫ ደግሞ አንድ ነው። ጳጉሜን ሳያልቅ እሱ የጥፍር ያህል ይቀራል፤ ቡናማውና ጥቁሩ ጫፋቸው እንደሾለ እስከ ገና ይከርማሉ። የሰፈሩ ባለሱቅም ይህን ስለሚያውቅ፣ ቢጫውን ብቻ ነጥለህ ሽጥልኝ ስትሉት ይስቃል።

ልጄ በመጀመሪያ ያሰበው ትልቅ ነገር ነበር፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ። ሥዕሉ ሲያልቅ ፈረሱ ሦስት እግር ብቻ ነበረው።

«አራተኛውስ የታል?»

«ዘንዶው በልቶት ነው።»

ይሄኔ እናቴ ከሶፋው ላይ ሆና ምክር ጣለች። «ዘንድሮ ዘመነ ማርቆስ ይገባ የለ? የማርቆስ ምልክቱ አንበሳ ነው፤ አንበሳ ሣልላቸው» አለችው። መጪው 2018 ነበር፤ ልክ ናት። ወንጌላውያኑ ዓመቱን በየተራ ነው የሚረከቡት፤ ማቴዎስ በሰው፣ ማርቆስ በአንበሳ፣ ሉቃስ በላም፣ ዮሐንስ በንስር ይመሰላሉ። ልጁ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ። ቢጫ ክብ ሠርቶ ዙሪያውን ጨረር ካወጣለት በኋላ ዓይንና አፍ ሲጨምርበት ፀሐይ ይሆናል፤ ግንድ ሲያወርድለት አደይ አበባ፤ አራት እግር ሲተክልበት ጎፈሩን ያንዠረገገ የማርቆስ አንበሳ። ከዚያ ወዲያ ሥራው ተቀላጠፈ፤ መጀመሪያ ክቡን ብቻ በገፍ አምርቶ ቀሪውን በትእዛዝ ያሟላ ጀመር።

ክፍፍሉ ላይ ያየሁትን ስሌት ማንም አላስተማረውም። አምና 100 ብር ለሰጠ አጎት አክሊል የደፋ መልአክ፣ 10 ብር ለሰጠ ፀሐይ፣ ግንባሩን ስሞ «እደግ!» ብቻ ብሎ ለሸኘው ሰው ደግሞ ከለር ያልነካው አደይ። ትንሿ ይህ አልገባትም። ለሁሉም የሣለችው አንድ ዓይነት ድቡልቡል ነገር ነው፤ «አያቴ ናት» ትላለች። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ብዙ ካየችው በኋላ ነጠላዋን አስተካከለች።

በኛ ጊዜ ስሙኒ ያገኘ ልጅ እየሮጠ ነበር ቤቱ የሚገባው። አሁን ነገሩ በብር ሆኗል፤ ብርም የራሱ ጣጣ አለው። የእህቴ ልጅ መስከረም 1 ቀን 2013 ኪሱን በባለ 10 ብር ሞልቶ ተኛ። መስከረም 4 መንግሥት ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ብሩን ቀይሬያለሁ ብሎ አወጀ። እስከ ዛሬ ነገሩ እሱን ለመያዝ የተጠነሰሰ ነው የሚመስለው።

በበዓሉ ጠዋት ምድር ወለል ላይ የሚኖሩት እማማ በር ደረስን። ትንሿ ዘፈኗን ሳትጨርስ ዳቦ ተሰጣትና አፏ ተያዘ። ወንዱ ሥዕሉን በሁለት እጁ አቀረበ።

«ውይ የኔ ጌታ፣ አምና የሰጠኸኝ ፀሐይ እኮ ይኸው ቁም ሳጥኑ ላይ ለጥፌዋለሁ። ይሄስ ያው አይደል?»

«አይደለም እማማ። ያ የማቴዎስ ነው፣ ይሄ የማርቆስ ነው። እግሩን አያዩትም?»

ወደ ብርሃን አውጥተው አዩት። «እውነትም እግር አለው!» አሉና መቀነታቸውን ፈቱ። እጃቸው ላይ የወጣው ባለ 100 ብር ነበር፤ ትንሽ ቅር አላቸው። «ምነው ዝርዝር በኖረኝ…»

«ችግር የለም እማማ» አለ ልጄ ኪሱን እየዳበሰ። «መልስ አለኝ።»