ስማ፣ አያ ሸጋው!

"ጋይንት ደግሞ ምን አለ? ሳርና ድንጋይ!" አለ አሉ አያ ሸጋው። ጎበዝ፣ ቀረብ በሉ! እናንተው ትፈርዳላችሁ።

አያ ሸጋው፣ አንተ ሳር ቤት ሲባል የምታውቀው የአዲስ አበባውን ታክሲ መያዣ ነው። የጋይንቷ ቤተልሔምም ሳር ክዳን ነበረች። ክብ፣ ዝቅ ያለች። ብታያት "የማን ጎተራ ነው?" ብለህ ታልፋለህ። ደጇን የዘለቀ ግን ሌላ ቤት ያገኛል፦ አራት ማዕዘን፣ በተጠረበ ድንጋይ የታነጸ፣ የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን። ቤት በቤት ውስጥ! ሳሩ ካባ ነው። አንተ ካባውን አይተህ ንጉሡን ገለባ አልከው።

ቶማስ ፓከንሃም የሚሉት ፈረንጅ እ.ኤ.አ. በ1955 አገራችን መጣና ያየውን በ1959 በመጽሐፍ አወጣው። ከዚያ ወዲህ "ተገኘ" ይሉልሃል። መቼ ጠፍቶ? ካህናቱ ሲቀድሱበት፣ መሪጌታው ሲያዜሙበት! ያልታየ ሁሉ የለም ከተባለማ፣ ያንተንም አእምሮ እስካሁን ያየው ሰው የለም።

"ቀለም እንኳ አልነካውም" ትላለህ ደግሞ። ቀለሙማ ከውስጥ ነው! ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ነው፤ ድጓ የዘለቀ ተማሪ ከየአገሩ ለማስመስከር የሚጎርፍበት። ምስክር ጥራ ካልከኝ ይኸው፣ ቤቱን ከነመምህሩ ጠራሁልህ። ዝማሬና መዋሥዕት ካማረህ ዙር አምባ እዚያው ጋይንት አለልህ፤ አንድ ጊዜ ዞር በል። ከዚያ እስቴ ውረድና ቆማ ፋሲለደስ ላይ ቆም በል፤ የቆማን ዜማ ታደምጣለህ። አንተ እስከዛሬ የሰማኸው ዜማ ዝናብ ቆርቆሮህን ሲደበድበው ነው። ቆርቆሮው ቤትህ ላይ ቢቀር ደግ ነበር፤ ጭንቅላትህንም ከደንክበት እንጂ።

ስማዳስ? ስማ ነዋ! ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ፣ ውሻህን በዱላ እየመከተ "በእንተ ስማ ለማርያም" ሲልህ "እግዜር ይስጥህ" ብለህ በር የዘጋህበት የስማዳው የቆሎ ተማሪ፣ ውዳሴ ማርያሙን ከነዳዊቱ በቃሉ ይወጣዋል። አንተ የገዛ ስልክ ቁጥርህን ከስልክህ ላይ ታነባለህ! "ደበሎው ይሻክራል" አልክ። ይሻክራል እንጂ! ግን የራሱ ነው። ያንተ ሱፍ ይለሰልሳል፤ ባለሱቁ ግን ዕዳውን ገና ይጠይቅሃል።

ምነው አቀረቀርክ? ጎበዝ፣ መንገድ ልቀቁለት፣ ይሂድ። በየት በኩል አትበለኝ አያ ሸጋው፤ ሆዱን ነፋስ ለሞላው ሰው ጋይንት መውጫ አላሳጣችም። ንፋስ መውጫ ቅርብ ነው።